ሲታጠፍ ሻንጣ፣ ሲዘረጋ ፈረስ

በከተማ ለምትኖር ሠራተኛ እናት ከገንዘብ እኩል፣ አንዳንዴም ከገንዘብ ይበልጥ የሚያጥራት ነገር ጊዜ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች፤ ቁርስ ታሰናዳለች፤ ልጆቿን አጥባና አልብሳ ምሳ ዕቃቸውን ትሞላለች፤ ከዚያም ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ማታም ነገሩ ያው ነው። ከመሥሪያ ቤቷ በ11 ሰዓት ተኩል ብትወጣም፣ ቤቷ የምትገባው ታናሹ ልጅ እራቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ ሲያንገላጅጀው ነው። ይህ በሰልፍና በመንገድ የሚያልቅ ጊዜ ደመወዝ አይከፈልበትም፤ ዕረፍትም አይደለም። ከእናትና ከልጆች የጋራ ጊዜ ላይ ተቆርጦ የሚሄድ ነው።

በዚህ ሳምንት የምናነሣው ለዚህ ችግር በከፊል መፍትሔ ሊሆን ስለሚችል አንድ ዕቃ ነው። እርሱም ተጣጣፊ ብስክሌት ነው። «ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ወይም የስፖርተኛ ዕቃ ነው፤ ለእናት ምን ያደርግላታል?» የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነውና በቅደም ተከተል እንመልከተው።

ተጣጣፊ ብስክሌት ምን ዓይነት ነው?

ጎማዎቹ ከተለመደው ብስክሌት ያነሱ፣ አካሉ ከመካከል በማጠፊያ የሚታጠፍ፣ መሪውና የኮርቻው ዘንግም ዝቅ የሚሉ ብስክሌት ነው። እጇን ያስለመደች ሴት ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አጥፋ እንደ ሻንጣ በአንድ እጇ ታነሣዋለች። ከአልጋ ሥር፣ ከበር ኋላ ወይም ከቢሮ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል። በደጅ ታስሮ ስለማያድር ከሌባ እጅ ይድናል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ ግኝት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ፓራሹተኞች የሚታጠፍ ብስክሌት ይዘው ከአውሮፕላን ይዘሉ ነበር። ለሰላማዊው ሕዝብ ከተዘጋጁትና ዛሬ በስም ከሚታወቁት ብዙዎቹ ግን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡ ናቸው። አንድሩ ሪቺ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በዚያው ዘመን አጋማሽ ላይ ሎንዶን በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ብስክሌት፣ ከመስኮቱ በሚታየው ቤተ ክርስቲያን ስም ብሮምፕተን አለው። በአሜሪካ ደግሞ ዴቪድ ሆን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ የነዳጅ መወደድ ያስከተለው ችግር አሳስቦት ዳሆን የተባለውን ኩባንያ በ1982 (እ.ኤ.አ.) አቋቋመ። ነዳጅ ሲወደድ ብስክሌት ይታወሳል ማለት ነው።

ቁልቁለቱን በብስክሌት፣ ዳገቱን በአውቶቡስ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ብስክሌት ሲነሣበት መጀመሪያ የሚያስበው ዳገቱን ነው። እውነትም ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከሰሜን ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። ተራውን ብስክሌት የያዘ ሰው ጠዋት የወረደውን ማታ መውጣት ግዴታው ነው። ተጣጣፊውን የያዘች ግን ምርጫ አላት።

ለምሳሌ ቤቷ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዋ መስቀል አደባባይ አካባቢ የሆነች እናት እንውሰድ። በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጋ ስትወርድ መንገዱ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ፍሬኗን ይዛ በዝግታ ትወርዳለች፤ ላብ እንኳ አያጠምቃትም። ማታ ደግሞ አጥፋ፣ በጨርቅ ከረጢት ከትታ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ትመለሳለች። ከረጢቱ የሌላውን ተሳፋሪ ልብስ ቅባት እንዳይነካው ይረዳል። የታክሲ ረዳት የዕቃ ሒሳብ ሊጠይቅ ስለሚችል ከመሳፈር በፊት መስማማት ይበጃል። እንዲህ ያለችው እናት ከሁለቱ የቀን ሰልፎች አንዱን፣ ያውም ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱበትን የጠዋቱን ሰልፍ፣ ገላገለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በመንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለውን ርቀት ማሳጠሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሆኖም በዚያ አቅጣጫ ከተሠሩት መኖሪያ መንደሮች ብዙዎቹ ከጣቢያዎቹ ርቀው የሚገኙ ናቸው። ርቀቱን 3 ኪሎ ሜትር እናድርገው። በእግር ወደ 40 ደቂቃ ይወስዳል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር በሚሄድ የዝግታ የብስክሌት ጉዞ 15 ደቂቃ ነው። በጠዋትና በማታ ሲደመር በቀን 50 ደቂቃ ይተርፋል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢሆን ከ18 ሰዓት በላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ስንት የቤት ሥራ የምትሠራበት ጊዜ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ነገር ግን የሕዝብ ማጓጓዣ ጢም ብሎ በሚሞላበት ሰዓት 12 ኪሎ ዕቃ ይዞ መጋፋት አይቻልም። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል መቅደም ወይም መዘግየት ያስፈልጋል። የታጠፈ ዕቃ ይዞ መግባት መፈቀዱንም ከመሳፈር በፊት ከጣቢያው ሠራተኛ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሲመርጡ ምን ማየት ያሻል?

ጎማ። ተጣጣፊ ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 16 ወይም ባለ 20 ኢንች ጎማ ናቸው። ጎማ ባነሰ ቁጥር ሲታጠፍ ያንሳል፤ ነገር ግን ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል። ለእኛ መንገድ ባለ 20ው፣ ጎማውም ሰፋ ያለው ይሻላል። ከዚህም ሌላ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ አትርሱ። 406 የሚል ከሆነ የልጆች ባለ 20 ብስክሌት ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ከመነዳሪውም ጎማውም በቀላሉ ይገኛል። 349 ወይም 451 የሚል ከሆነ ግን ትርፍ ከመነዳሪ አብራችሁ ካልገዛችሁ፣ አንድ ሚስማር ለሳምንታት ከመንገድ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ክብደት። ብዙዎቹ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት ግን 4 ኪሎ ማለት አራት ኪሎ ስኳር በየቀኑ ሽቅብ መሸከም ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አጥፋችሁ፣ አንሥታችሁ፣ የሱቁን ወይም በአቅራቢያው ያለውን ሕንፃ ደረጃ ወጥታችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢያጉረመርም አይግረማችሁ።

ማጠፊያ። የዚህ ብስክሌት ነፍስ ያለችው በማጠፊያው ላይ ነው። በመካከሉ ያለው ማጠፊያና የመሪው ማጠፊያ ሲዘጉ ጥብቅ ማለት፣ በድንገት እንዳይከፈቱም ሁለተኛ መቆለፊያ ሊኖራቸው ይገባል። መፈተኛው ቀላል ነው። ዘርግታችሁ ከዘጋችሁ በኋላ የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። ማጠፊያው አካባቢ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም መላወስ ከተሰማችሁ አትግዙት። በተጨማሪም እዚያው ሱቅ ውስጥ ደጋግማችሁ እጠፉት፤ ዘርጉት። ለማጠፍ የሻጩን ጡንቻ የሚጠይቅ ከሆነ ዝናብ ሲመጣና ባቡር ሲደርስ አይሆናችሁም።

ማርሽ። ለሐዋሳና ለባሕር ዳር ሜዳ ማርሽ የሌለውም ይበቃል። ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደርና ለደሴ ግን ከስድስት ማርሽ ያላነሰ ያሻል። ከኋላ ጎማ ላይ ካሉት ጥርሶች ትልቁ በሰፋ ቁጥር ዳገት ይቀላል።

ኮርቻና ልብስ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚህ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል። የኮርቻው ዘንግ ላይ የተሰመረው የመጨረሻ ምልክት ወደ ውጭ እስኪታይ ድረስ ከፍ ካላደረጋችሁት በቀር የማይበቃችሁ ከሆነ ያ ብስክሌት ለእናንተ ቁመት አልተሠራም። የተጣጣፊ ብስክሌት አካል ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻል። ሆኖም የካቴና መሸፈኛና ፓራፋንጎ ያለውን ምረጡ። የነጠላ ጫፍና የሰፊ ቀሚስ ጠርዝ ካቴና ውስጥ የገባ እንደሆነ ጉዳቱ ልብስ በመቀደድ ብቻ አያበቃም።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ አያታልላችሁ። ማጠፊያው ዙሪያ የተሰነጠቀ ወይም በብየዳ የተጠገነ ብስክሌት በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ደረሰኝ ጠይቁ፤ የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ከጣጣ አያድንምና።

ሒሳቡ ያዋጣል ወይ?

ለእያንዳንዷ ቤት መልሱ የተለያየ ነው። አሠራሩን ግን እናሳይ። ብስክሌቱ በቀን የሚያስቀረው የታክሲ ወጪ 40 ብር ቢሆን፣ በ22 የሥራ ቀን 880 ብር ይሆናል። ከባድ ዝናብ የሚጥልባቸውን ሁለት የክረምት ወራት ብንቀንስ በዓመት 8,800 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለፍሬን ጎማ፣ ለከመነዳሪና ለቅባት የሚወጣውን ቀንሱ። ከዚያም የብስክሌቱን ዋጋ በተረፈው አካፍሉት። ውጤቱ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ከሆነ ግዢው ክፉ አይደለም። ከበለጠ ግን ሁለት ጎረቤታሞች ወይም እናትና የደረሰች ልጅ በጋራ ቢገዙት ይሻላል። ኮርቻውና መሪው ከፍና ዝቅ ስለሚል አንዱ ብስክሌት ለአጭርም ለረጅምም ይሆናል። በአንጻሩ ከቤቷ በር ሥር አውቶቡስ የምትሳፈር ሴት በዚህ ላይ ገንዘብ ባታወጣ ይመረጣል።

«ሰው ምን ይለኛል?»

ብዙ ሴቶችን ከብስክሌት የሚያርቃቸው ዳገቱና ዋጋው ብቻ አይደለም። ይኸው የሰው ዓይን ነው። «የልጆች እናት ሆነሽ» የሚል ቃል ከባል እናትም ከሥራ ባልደረባም ሊመጣ ይችላል።

ነገሩ ግን በእኛ አልተጀመረም። በ1894 (እ.ኤ.አ.) አኒ ሎንዶንደሪ በሚል ስም የታወቀችው የሦስት ልጆች እናት ከአሜሪካ ከቦስተን ከተማ ተነሥታ ዓለምን ለመዞር በብስክሌት ወጣች። ስትነሣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ 19 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብስክሌት ይዛ ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ያን ትታ ግማሹን ያህል በሚመዝን የወንድ ብስክሌት ለወጠችው፤ ልብሷንም እንደ ሥራው አደረገች። ባሕሩን በመርከብ፣ አንዳንዱን የብስ በባቡር፣ የቀረውን በብስክሌት አድርጋ በ1895 ተመለሰች። ብስክሌትንና ሌላ ማጓጓዣን አጣምሮ መጓዝ የዛሬ ፈሊጥ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በዘመኗም የተነገረባት ክፉ ቃል ጥቂት አልነበረም።

ለአገራችንም ብስክሌት ባዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፣ ከቡድኑ ውስጥ እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። የቀረው ብስክሌት የሩጫ ውድድር ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያም መሆኑን፣ የወንድ ብቻ ሳይሆን የሴትም መሆኑን መልመድ ነው።

የሰው ዓይንም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። ይህች ጸሐፊ የታጠፈ ብስክሌት ይዛ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በገባችበት ዕለት በር ላይ ያሉት አዛውንት ዘበኛ አስቆሟት።

«እህቴ፣ ይኸ የያዝሽው ምንድን ነው?»

«ብስክሌት ነው፣ አባባ።»

«ብስክሌትስ አውቃለሁ። ይኸ ምን ደርሶበት ነው እንዲህ የተቆላለፈው?»

ተዘርግቶ ባዩት ጊዜ ከት ብለው ሣቁ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ኮርቻውን ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዋጋው እንዴት ነው? ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራ። ለአዳር ተረኛ ስትሆን ታክሲ እያጣች ትቸገርብኛለች» አሉ። ሣቅ ተጀምሮ ወደ ዋጋ ጥያቄ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ለሕይወት የሚደረግ ጥንቃቄ

መንገዱ ገና ሙሉ በሙሉ ለብስክሌተኛ አልተመቸም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተወሰኑ እሑዶች መንገዶች ለመኪና ዝግ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተከፍተዋል። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት የአዲስ አበባ ኮሪደር መንገዶች ላይም የብስክሌት መሄጃ ተለይቶ ተሠርቷል። ሆኖም እነዚህ መንገዶች ሁሉንም ሰፈር አያዳርሱም። ስለዚህ መስመራችሁን ስትመርጡ አጭሩን ሳይሆን ጸጥተኛውን ምረጡ። አደባባዩ ካስፈራችሁ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እንደ እግረኛ ተሻገሩ፤ ይህ ነውር የለበትም።

ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወል፣ እንዲሁም መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ሰደርያ ከብስክሌቱ ጋር አብረው መገዛት አለባቸው። ከቆመ መኪና አጠገብ ስታልፉ በሩ በድንገት ሊከፈት ስለሚችል አንድ ሜትር ያህል ራቁ። በትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ከኮርቻ ወርውሮ ይጥላልና ዝናብ ባቆረው ውኃ ላይ አትለፉ፤ ከሥሩ ያለው አይታወቅም። በዝናብ ጊዜ ፍሬን ለመያዝ ስለሚዘገይ አስቀድማችሁ ያዙ።

እናቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ። ሕፃን አዝሎ ብስክሌት መንዳት ፈጽሞ አይገባም። የታዘለ ልጅ ሲንቀሳቀስ የእናቱን ሚዛን ያስታል፤ እርሷ በጀርባዋ የወደቀች እንደሆነ ከመሬት ጋር የሚጋጨው የእርሱ ራስ ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛም ለዘንቢል እንጂ ለልጅ አልተሠራም። ብስክሌቱን የሠራው ፋብሪካ የልጅ መቀመጫ እንዲገጠምበት ካልፈቀደ በስተቀር ልጅ አታስቀምጡበት። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትንዳ።

ለሽርሽርና ለሩቅ ጉዞ

ተጣጣፊ ብስክሌት ለሥራ ብቻ አይደለም። በአውቶቡስ ዕቃ ማስቀመጫ ወይም በቤት መኪና ኋላ ገብቶ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ይደርሳል። ሁለቱም ከተሞች ሜዳና የሐይቅ ዳር መንገድ ያላቸው፣ ብስክሌትም የለመዱ ናቸው። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ሐይቁን ተከትሎ መንዳት ለእናት ልብ ዕረፍት፣ ለልጆችም ትዝታ ይሆናል።

በአውሮፕላን ለሚጓዙም አንድ የሒሳብ ምክር አለ። ብዙ አየር መንገዶች የሚቀበሉት ሻንጣ ቁመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ሲደመር ከ158 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ23 ኪሎ የማይበልጥ ነው። ባለ 16ቱ ብሮምፕተን ሲታጠፍ 65 በ59 በ27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ድምሩ 151 ነው፤ ስስ መከለያ ቢጨመርበትም ያልፋል። ባለ 20ዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልኩ ስለሚበልጡ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሁሉም ረገድ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ይሻላል። ከመጫን በፊት ኮርቻውን ማውለቅና መሪውን በጨርቅ መጠቅለል ከጉዳት ያድናል።

ከየት ይጀመር?

በልጅነታቸው ብስክሌት ያልነዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ይህ ሊያግዳቸው አይገባም። ተጣጣፊው ኮርቻው እጅግ ዝቅ ስለሚል ለመማር ከሌላው ይሻላል። ሁለቱም እግሮች መሬት እስኪረግጡ ድረስ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፤ የቻለ ሰው ፔዳሎቹን ይፍታላችሁ። ሜዳ በሆነ ቦታ ተቀምጣችሁ በእግራችሁ መሬቱን እየገፋችሁ ተንሸራተቱ። እግራችሁን አንሥታችሁ ጥቂት ሜትር ሳትወላገዱ መሄድ ስትችሉ ፔዳሉ ይመለስ። ለዚህ መኪና የሌለበት እሑድ ጠዋት ምቹ ነው። አንድ ወር በሰፈር ውስጥ ለመድ ካደረጋችሁ በኋላ የሥራ መንገዳችሁን በዕረፍት ቀን አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ሰዓቱንም መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሥራ ይዛችሁት ውጡ።

በየሳምንቱ ጎማውን በጣት ተጫንታችሁ ንፋሱን ማየት፣ በየወሩ ካቴናውን ጠርጎ ቅባት ማስነካት፣ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ማጥበቅ ከቤት ሥራ የማይከብድ ተግባር ነው። ልጆችም ይህን አይተው ይማራሉ። በተለይ ሴት ልጅ፣ እናቷ በራሷ ጉልበት ሄዳ በራሷ ሰዓት ስትመለስ ማየቷ ትልቅ ትምህርት ይሆናታል።